ጦጢትና የኤሊት እንቁላል

ቂ ቂ ቂ… ወይ ሆዴ! ቆዩኝ እስቲ፣ ሳቄ ይለቀኝ። ተረት ተረት ስላችሁ «አሰሚን!» በሉኝ፤ ዋናው የሚያስቀው ከኋላ ነው።

ጦጢት ባሕሩ ዳርቻ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ነበራት። እንግዳው ሁሉ ከየአገሩ የሚጎርፈው ኤሊትን ሊያይ ነው፤ ዘሯ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበራ! ጦጢት ሆዬ ኤሊት አሸዋ ውስጥ የቀበረችውን እንቁላል እየዛቀች ለእነዚያው እንግዶች ቁርስ ትጠብሳለች።

ኤሊት ለመነቻት፤ «እመት ጦጢት፣ ልጆቼን ጠብሰሽ ከጨረስሽ፣ ነገ እንግዶችሽ ማንን ሊያዩ ይመጣሉ?»

«የነገውን ነገ እናያለን! የዛሬ እንግዳዬ ጦሙን ይዋል እንዴ?»

ኤሊት ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ዘንድሮ እንቁላሏን መቼ ብትቀብር ጥሩ ነው? በሁዳዴ ዋዜማ!

እንግዳው በሙሉ ጿሚ ሆነ። ዝሆን ሽሮ፣ ቀጭኔ ጎመን፤ እንቁላል የሚል ጠፋ። ጦጢት ብትቁነጠነጥ ማን ይብላላት! ፋሲካ ሊደርስ ሲል አንድ ማለዳ አሸዋው ተርመሰመሰና ጫጩት ኤሊዎች ተንጋግተው ወደ ባሕሩ ሮጡ። ዝሆን በደስታ አለቀሰ፤ ቀጭኔማ «ለከርሞ ዘመዶቼን በሙሉ አመጣለሁ» ብላ ማለች። ጦጢት ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ።

ኤሊት ሁለተኛ ዙር ስትቀብር፣ ጦጢት ራሷ እሾህ አጠረችላትና ዱላ ይዛ በር ላይ ቆመች።

የፋሲካ ዕለት አያ ጅቦ ምራቁን እያዝረበረበ መጣ። «እመት ጦጢት፣ ጾሙ ተፈታ እኮ! በይ ያንን እንቁላል በቅቤ አድርጊና ጥበሺልኝ!»

ጦጢት ዱላዋን አነሳች፤ «አያ ጅቦ፣ አንተ ቤትህ ሄደህ ፍታ! እዚህ ቤት የእንቁላል ጾም አልተፈታም!»