ለትል አልጎነበስም ያለው ጉሬዛ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ የሌላችሁም ተጠጉ። ድሮ፣ እንስሳት ጓሮ በሚያለሙበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ጉሬዛ ነበር። ከትከሻው ነጭ ካባ የሚወርድ፣ ኩራቱ ከጅራቱ የረዘመ ጉሬዛ! ካባዬ አፈር ይነካል ብሎ ለሰላምታ እንኳ አንገቱን ዝቅ አያደርግም።

ከወንዝ ማዶ ያሉ፣ ባላምባራስ የሚባሉ ሌላ ጉሬዛ የእሱን ልጅ ሽታዬን ለወንድ ልጃቸው ጠየቁ። ሽታዬም ልጁን ወዳዋለችና እሺ ተባለ፤ የግብዣው ቀንም ተቆረጠ። የጉሬዛ ዘር ሥጋ አይቀምስምና የቤቱ ክብር በሙሉ በጓሮው ጥቅል ጎመን ላይ ተንጠለጠለ። ጎመኑን ደግሞ ትል ገባበት!

ጉሬዛ ጨንቆት ጎረቤቱን እመት ጃርትን ጠራት። ጃርት ከሰው ጓሮ የማትሰርቀው የለም፤ ስለ ጓሮም የማታውቀው የለም።

«ሚጥሚጣ ቀጥቅጠህ በውሃ ዘፍዝፍ» አለችው። «መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ እንዶድ ጨምርበት። ታዲያ አያ ጉሬዛ፣ ትል የሚውለው ከቅጠሉ ሥር ነው። ጎንበስ ብለህ፣ ቅጠሉን እየገለበጥክ ከታች እርጭ። ከተረጨ በኋላ ደግሞ ሰንብቶ፣ በደንብ ታጥቦ ነው የሚበላው።»

«ጎንበስ?» አለ ጉሬዛ ዓይኑን አፍጥጦ። «እኔ ጉሬዛው! እኔ ባለካባው! ለትል ብዬ አልጎነበስም!»

መጥረጊያውን መድኃኒቱ ውስጥ እየነከረ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ ከላይ ረጨው። ከቅጠሉ ሥር ትሎቹ እያኘኩ ዘፈኑ፦

«ከላይ ዝናብ፣ ከታች ድግስ፤
ጌታው ጉሬዛ፣ አንገትህ አይጎንበስ!»

ጉሬዛ ድምፁን ሰማና የትል ለቅሶ መስሎት ደስ አለው።

ሲነጋ ግን ግማሹ ጎመን ወንፊት ሆኗል።

«አልጎነበስክም አይደል?» አለች ጃርት።

«መድኃኒቱ ቀጥኖ ነው! እኔ ባለካባው ለትል ብዬ አልጎነበስም!» አለና ሚጥሚጣውን እጥፍ፣ እንዶዱን እጥፍ አድርጎ አሁንም ከላይ ከላይ ረጨ። ትሎቹም ጮክ ብለው፦

«ከላይ ዝናብ፣ ከታች ድግስ፤
ጌታው ጉሬዛ፣ አንገትህ አይጎንበስ!»

የግብዣው ዕለት ጠዋት ቤት ውስጥ ያለውን ሚጥሚጣና እንዶድ አሟጦ ደፋበት። ከዚያ የተረፈውን ጎመን ቆርጦ፣ ሳያጥብ ጥሬውን አቀረበው። መድኃኒት ከታጠበ ምኑን መድኃኒት ሆነ ብሎ ነው፤ ሞኝ!

ባላምባራስ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄ… ይሄ…» ሊሉ ሲሞክሩ ከአፋቸው ነጭ አረፋ ቡልቅ አለ። ባለቤታቸው «ምን ነካዎ?» ሲሉ ከእሳቸውም አረፋ ወጣ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎችም ምላሳቸውን አውጥተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ አረፋ እየተፉ ተራወጡ። ይሄኔ ከትሪው መሀል፣ ከቅጠል ሥር፣ አንድ ወፍራም ትል እየተንጎማለለ ወጣ። ማስነጠስ እንኳ አላስነጠሰው!

«ለትል ድግስ፣ ለእኛ መርዝ!» አሉ ባላምባራስ። «ጋብቻው ቀርቷል!» ብለው ወደ ወንዙ ሮጡ።

ሽታዬ እያለቀሰች «አባዬ፣ እንግዲህ ካባህን ዳረው!» አለችው። ይህ ቃል ከሚጥሚጣው ይልቅ አቃጠለው። ልጁን ይወዳታል፤ በእሷ መጨከን አልቻለም።

እርቅ እሺ አለና ሽማግሌዎች መሀል ገቡ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይለምናል። ባላምባራስም «እርቁ በበደለን ጎመን መሀል ይሁን» አሉ። ድንጋዩን ያመጣችው ጃርት ናት፤ ትንሹን አልመረጠችም።

ጉሬዛ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ጓሮው ገባ። አንገቱ ጎበጠ፣ ካባው አፈር ጠረገ፣ አፍንጫው ከጎመኑ ቅጠል ሥር ደረሰ። እዚያ ትሎቹ ጠግበው ተደርድረዋል። ካባውን ከአፈር አይተው ዘፈናቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«ለካ እዚህ ናችሁ!» ብሎ ጮኸ ጉሬዛ። ይቅርታውን ረስቶ፣ ድንጋዩ ከአንገቱ ሳይወርድ፣ ቅጠል እየገለበጠ ትል ይለቅም ጀመር። ባላምባራስ ሳቅ አፈናቸው፤ የቀረችው የመጨረሻ አረፋ ከአፋቸው ወጣች።

«ተነስ፣ ምሬሃለሁ» አሉ። «አዲሱ ጎመን ሲደርስ፣ ታጥቦ እንበላለን።»

«ድንጋዩ ይቆይለት እንጂ» አለች ጃርት። «ገና ሥራ መልመዱ ነው።»

ሽታዬ ተዳረች። እኔም ተረቴን እዚህ ጣልኩ፤ አፌን በዳቦ ብታብሱልኝ አልጠላም፣ በጎመን ግን አደራ። የዚያ አገር ሰዎችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፦ ለትል ያልጎነበሰ አንገት፣ ድንጋይ ያጎነብሰዋል።