ጎታውን በፍም ያደረቀው ጓንጉል

«ተረት ተረት።»
«የላም በረት።»

ጎሽ። በሉ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ መሀል ላይ የሚያንቀላፋ ካለ ግን ከአሁኑ ይተኛልኝ።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ጓንጉል ሰው መጠየቅ የማይወድ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበረ። የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳት። የጎበጠውም በእሳት፣ የራሰውም በእሳት። አንድ ጊዜ የአልጋቸው ጠፍር ረገበና፣ ሙቀት ያጠብቀዋል ብሎ ከሥሩ ፍም ደፋበት። ጠፍሩም ጠበቀ። ጠበቀና ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት መሬት ላይ ነው የሚተኙት። እሱ ግን መሬት ለወገብ ይስማማል እያለ ያወራ ነበር።

ከዚያም ክረምት ገባ። የዘር ገብሳቸውን የያዘው ጎታ፣ ያ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራው የእህል ማስቀመጫ፣ ከወገቡ ተሰነጠቀ። ያላቸው ዘር ያ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ የዓመት ጉርሳቸው ጠፋ። አንጓች እኅቷ ወልዳ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ፀሐይ ሲወጣ እኔው ገልብጬ እመርገዋለሁ፣ አንተ እንዳትነካው ብላው ሄደች።

እሱ ግን ነካው። ስንጥቁን በጭቃ ደፈነው። ጭቃው በዚያ ዝናብ ከየት ይድረቅ? እህሉን ማውጣት ሰለቸውና፣ ጎታውን እንደ ሞላ ዙሪያውን በፍም ከበበው። ጎረቤቱ እትዬ የሻረግ እሳት ልትጭር መጣችና አየችው።

እትዬ የሻረግ፦ ጓንጉል፣ ምን ድግስ አለብህ?
ጓንጉል፦ ጎታ እያደረቅሁ ነዋ፣ እትዬ። እናንተ ሴቶች ሳምንት የምትፈጁበትን እኔ እስከ ማታ እጨርሰዋለሁ።
እትዬ የሻረግ፦ እህሉ እኮ ውስጡ ነው።
ጓንጉል፦ እሱም አብሮ ይድረቅ። ነቀዝ አይደፍረውም።

አመሻሹ ላይ የቆሎ ሽታ መንደሩን ሞላው። የሰፈሩ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ደጁ ላይ ቆሙ። ጓንጉል አባረራቸውና፣ እህሌ ደግ ስለሆነ ነው የሚሸተው ብሎ ደረቱን ነፋ። በማግስቱም ዘሩን ወስዶ ዘራው።

አንጓች ስትመለስ ጎታውን እንደ ከበሮ እየመታ አሳያት። ቀን አለፈ፤ የሰው ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። የጓንጉል ማሳ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ጉንዳን በላው አለ። ወፍ ለቀመው አለ። በመጨረሻም የእትዬ የሻረግ ዓይን ነው አለ። ያን ጊዜ አንጓች ጎታው ሥር የቀረችውን እፍኝ ገብስ ጠርጋ አመጣችለት።

አንጓች፦ ቅመሰው።

ቆረጠመው። ይባስ ብሎ ጣፈጠውና ደገመ። ሦስተኛውን ሊያነሣ ሲል ቆሎ መዝራቱ ገባውና እጁ አየር ላይ ቀረ።

አሁንም ሰው መጠየቅ አልወደደም። ጎረቤት ዘር ልትለምን የሄደችው አንጓች ናት። እትዬ የሻረግም፣ ለአንቺ እሰጥሻለሁ፣ ለእሱ ግን አንዲት ፍሬም አላሳየውም ብላ፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራ ሽምብራ ሰፈረችላት። በእሷም ዓመቱን እንደ ምንም ወጡት።

አዝመራው ሲሰበሰብ አንጓች የዘሩን ለየችና ወስዳ ደበቀችው። ጓንጉል የት አኖርሽው ብሎ ተከተላት።

አንጓች፦ ሲርብህ አበላሃለሁ። እርሻው ሲደርስ ዘሩን እጅህ ላይ አደርግልሃለሁ። የት እንዳለ ግን አትጠይቀኝ።

ጓንጉልም ሸበተ፣ ጥርሱም ረገፈ፤ የገዛ ቤቱ ዘር የት እንደሚቀመጥ ግን ሳያውቅ ኖረ።

እንግዲህ ተረቴን ያዙልኝ፣ ዳቦውን ቁረሱልኝ።