አዋላጇና የመገንጠል ስብሰባ

«ስብሰባው ሳያልቅ ንቅንቅ የለም አልኩሽ!» አሉ ሰብሳቢው አቶ አንዳርጌ።

«ጌታዬ፣ የጎረቤቴን ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ያለ እኔ አዋላጅ የላትም» አለች አንዲት ሴት ከተሰብሳቢዎቹ መካከል እንደቆመች።

አቶ አንዳርጌ ፈገግ አሉ። «እሺ፣ መልሺና ሂጂ። ክልሎች የመገንጠል መብት ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው?»

ይኑራቸው ብትል አገር አፍራሽ፣ አይኑራቸው ብትል ጨቋኝ ተብላ እንደምትመዘገብ ገባት።

«እሱን ለእናንተ ለአዋቂዎቹ ትቻለሁ። እኔ ስወጣ ወንዝ አልወስድብዎ፣ ተራራ አልወስድብዎ፣ ባንዲራ አልሰቅልብዎ! አንዲት አዋላጅ ለማስወጣት እንዲህ ከጨነቀዎት፣ ክልል ልውጣ ያለዎት ዕለት ምን ሊሆኑ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ማንም ሳያዘው በሩን ከፈተ፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ሄደች።