ማቃሰት ያስተማረኝ

ፊታውራሪ ወንድይራድ በካርታ መሸነፍ የማይወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ሰንበት እንግዶቻቸው ፊት ከጋሻ ጃግሬያቸው ጋር ሲጫወቱ፣ ጃግሬው ካርታውን ገለጥ አድርጎ አየና «ወይኔ፣ ዛሬስ አለቀልኝ!» ብሎ አቃሰተ። ፊታውራሪ ደስ አላቸውና በጃግሬው አንዲት ጋቢ ላይ ሰጋር በቅሏቸውን አስያዙ። ካርታው ሲገለጥ አራቱም ንጉሦች ከጃግሬው እጅ ተገኙ።

እንግዶቹ ሳቁ። ፊታውራሪ ግን ጠቆሩ።

«አራት ንጉሥ ይዘህ ታቃስታለህ? ይህን ተንኮል ያስተማረህን ሰው ስም ጥራ፤ አርባ ጅራፍ ይቀምሳል። አልጠራም ካልክ አንተ ትቀምሳለህ፤ በቅሎዬም ትመለሳለች።»

ጃግሬው ያለው ጀርባ አንድ ብቻ መሆኑን አሰበና ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ግብር ሊያስገቡ ቤተ መንግሥት በተጠሩ ቁጥር፣ ጎተራዎ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ካባዎን አውልቀው የተጣፈ ኩታ ይለብሱና ‹አገሬን አንበጣ በላው› እያሉ ያቃስታሉ። እኔም ጋሻዎን ይዤ ከኋላዎ ቆሜ እሰማለሁ። ከእርስዎ ሌላ መምህር የለኝም። ስም ጥራ አሉኝ፣ ጠራሁ፤ ገራፊውን ደግሞ እርስዎ ይጥሩ።»