የዘቢደር ፍርሃት

አንድ ጊዜ፣ ግራር በሞላበት የወንዝ ዳር ቆላ፣ ዘቢደር የምትባል ወጣት ሚዳቋ ነበረች። ፈጣን ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ስትወድ ግን ልክ የላትም። አንዳርጌ የሚባለውን ወጣት ሚዳቋ ወደደችውና ጫካው ሁሉ ሰማ!

ጠዋት «ያላንተ አልኖርም! እንዳንተ ያለ ከየት ይገኛል!» ትለዋለች። ሣር ሲግጥ ጥቂት ከዘገየባት ዓይኗ ይቀላል። «ሰልችቼሃለሁ! ሂድልኝ፣ ዓይንህን አልይ!» አንገቱን ደፍቶ መንገድ ሲጀምር ደግሞ ከኋላው እየሮጠች «አትተወኝ፣ እሞታለሁ!» ብላ ታለቅሳለች። አንዳርጌ ይወዳታል። ግን ከስቷል፤ የትኛዋ ዘቢደር እንደምትቀበለው አያውቅም።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከጉድጓዷ ሆና ትሰማ ነበር። ወዲያው ወደ ጅብ ከነፈች።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ሥጋ በእግሩ ይመጣልሃል! ሸለቆው ውስጥ ተደበቅ። ሚዳቋዋን እልካታለሁ፤ እሷን ፍለጋ ወንዱ ይከተላል። ሁለቱም እስኪገቡ ግን ዝም በል!»

«ሁለት?» አለ ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ።

«ሁለት! ለእኔ ጉበቱ ይበቃኛል።»

ቀበሮ ዘቢደርን ወንዙ ዳር አገኘቻት። «እኔን እህቴ! አንዳርጌ ከሌላ ሚዳቋ ጋር ውሃ ሲጠጣ፣ ሲሳሳቅ አየሁት።»

ዘቢደር ምድር የከዳቻት መሰላት። «አውቄዋለሁ! ሊተወኝ ነው!»

«እንግዲያው ፈትኚዋ! ሸለቆው ውስጥ ግቢና ጥፊበት። ከወደደሽ ይፈልግሻል።»

ዘቢደር ለማጣራት እንኳ አልቆመችም፤ እየበረረች ሸለቆው ገባች። ቀበሮም ተከትላት ከታች ድንጋይ ሥር አደፈጠች። አንዳርጌ ቢፈልጋት አጣት። ኮቴዋን ተከትሎ «ዘቢደር! የት ነሽ?» እያለ ወረደ። ይሄኔ ጅብን ሆዱ አላስችል አለው። ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ «እመት ቀበሮ! ሁለቱም ገቡ? ወይስ ገና አንዷ ናት?» ብሎ ጮኸ።

«ሩጪ!» አለ አንዳርጌ።

ጅብ ዘለለ! አቧራው ተነሣ! አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እሱ ሲል ቋጥኝ አደናቀፈውና እየተንከባለለ ሄዶ ቀበሮ ላይ ወደቀ። ቀበሮ እየጮኸች፣ እያነከሰች ጠፋች።

ጅብ እስኪነሣ ሁለቱ ሚዳቋዎች ኮረብታው ጫፍ ደረሱ። ዘቢደር ትንፋሿ ሳይመለስ፣ «ካንተ ጋር ውሃ ስትጠጣ የነበረችው ሌላዋ ሚዳቋ ማን ናት?» አለች።

«እህቴ ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው» አለ አንዳርጌ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዛሬ ልንሞት ነበር። እወድሻለሁ ዘቢደር፤ ግን በየቀኑ እየተፈተንኩ መኖር አቃተኝ። እናቴ ዘንድ ሄጄ ትንሽ ልረፍ።»

«ሂድ!» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ግን ቃሉን ዋጠችው።

«ፈራሁ» አለች። «ስትርቅ የጠላኸኝ ይመስለኛል። ክፉ ቃል የሚያናግረኝ ይህ ፍርሃት ነው። ኋላ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።»

«ይህን ነግረሽኝ አታውቂም» አለ አንዳርጌ ቀስ ብሎ።

«እማማ ዝሆን የተጨነቀ ልብ ታክማለች ይላሉ። እሄዳለሁ። አንተም ሄደህ እረፍ፤ አልከለክልህም።»

አንዳርጌ ሄደ። ዘቢደር እማማ ዝሆን ዘንድ ተመላለሰች። ፍርሃቱ ሲመጣ ቆም ብላ መተንፈስን፣ የሚሰማትንም በስሙ መጥራትን ተማረች። አንዳንድ ቀን አቅቷት ታለቅሳለች፤ በማግስቱ ግን ትመለሳለች።

ክረምቱ ሲወጣ አንዳርጌ ከሜዳው ማዶ ብቅ አለ።

«ናፍቀኸኛል!» ብላ ጮኸች። «ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃት መሆኑን አውቄው ነበር!»

አንዳርጌ ሳቀ፣ በደስታ ዘለለ፣ እሷም ዘለለች፤ አበባ የለበሰውን ሜዳ ጎን ለጎን ሆነው አቋረጡት!

ከዚህ የምንማረው፣ መተውን አብዝቶ መፍራት የልብ ሕመም እንጂ ክፋት አለመሆኑን፣ ፍቅርም የሚጸናው ወዳጅን በመፈተን ሳይሆን ፍርሃትን በመናገርና እርዳታ በመሻት መሆኑን ነው።