እመት ሽኮኮና ሰፊዋ ታንኳ

ልንገራችሁ ወይስ ልተወው? «ንገረን» ካላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ።

እንስሳው ሁሉ በሚናገርበት፣ ታንኳውም ገመዱም አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ መካከል ድንጋያማ ደሴት ነበረች። በዚያች ደሴት እመት ሽኮኮ ከአማቷና ከልጆቿ ጋር በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትኖር ነበር። ሽኮኮ መቼም ፈሪ ናት፤ ሣር ስትግጥ እንኳ አንዴ ትነጭና ሁለቴ ቀና ትላለች። እመት ሽኮኮ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ፈሪ ነበረች። ምክንያትም ነበራት። ባለፈው ዓመት ባሏ በጠባብ ታንኳ ሐይቁን ሲሻገር ማዕበል ገልብጦት በዚያው ቀርቷል። ባዶዋ ታንኳ እየተንሳፈፈች ወደ ደሴቲቱ ስትመለስ እመት ሽኮኮ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲንቦጫረቅ በሰማች ቁጥር ልጆቿን ሰብስባ ወደ ስንጥቋ ትገባለች።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ሐይቁ ሞላ፤ ሞላና ዳሩን አለፈ፤ ዳሩን አለፈና ወደ ድንጋዮቹ ወጣ። እመት ሽኮኮ ጠዋት ጠዋት ወርዳ ታየዋለች። ትናንት የቆመችበት ድንጋይ ዛሬ የለም። አንድ ቀን ስትነቃ ውሃው የቤቷን ደጃፍ ነክቶ አገኘችው።

«እማማ፣ ሐይቁ ደጃችን ደረሰ!» አለች አማቷን።

«እንግዲህ መሄድ ነዋ» አሉ አሮጊቷ።

«በምን?»

«በታንኳ ነዋ፣ ልጄ። ሌላ በምን ይኬዳል?»

ታንኳ የሚለውን ስትሰማ እመት ሽኮኮ ከደጃፉ ወደ ኋላ ሸሸች። የሚኬድበትን ግን ሁለቱም ያውቁታል። ከሐይቁ ማዶ ደንገል አለ፤ ታንኳ የሚሠራበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የውሃ ሣር። ከደንገሉ ጀርባ ውሃ የማይደርስበት ትልቅ ገደል አለ፤ የባሏ ወገኖች እዚያ ይኖራሉ። ወደዚያ የሚያደርሰው አንድ ቦይ ብቻ ነው። ያም ቦይ ጉማሬዎች ለግጦሽ ሲወጡና ሲወርዱ ደንገሉን እየጣሱ የከፈቱት ነው።

እመት ሽኮኮ በደሴቲቱ ላይ ታንኳ የሚሠራውን አያ ዝንጀሮን ለመነችው። አያ ዝንጀሮ በደሴቲቱ ዳር የበቀለውን ደንገል አጨደ፤ በእስር በእስር አደረገ፤ እስሩን በልጥ ገመድ ጠፈረ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ያለ ቀጭን ታንኳ ወጣች።

«ይኸው እመት ሽኮኮ፣ እንደ መርፌ ሰንጥቃ ትሄድልሻለች» አላት።

እመት ሽኮኮ ስታያት ጮኸች። «ይቺማ ጠባብ ናት! ጠባብ ታንኳ ይገለበጣል። ከግራም ከቀኝም እስር ጨምርልኝ!»

አያ ዝንጀሮ ጨመረላት። ያን ጊዜ አዲሲቱ ታንኳ አፏን ፈታች።

«እመቤቴ፣ የምንሄድበት ቦይ ስንት ይሰፋል?» ብላ ጠየቀች።

እመት ሽኮኮ ላይዋ ላይ ወጥታ በእግሯ ወዘወዘቻት። ታንኳዋ ትንሽ ዘንበል አለች።

«ወየው ልጆቼ! ጨምርልኝ፣ አያ ዝንጀሮ፣ ጨምርልኝ!»

«ኧረ ይበቃታል!»

«የሚሳፈሩት ያንተ ልጆች አይደሉም። ጨምር ስልህ ጨምር!»

አያ ዝንጀሮ ራሱን እየነቀነቀ ጨመረላት።

«እመቤቴ፣ ቦዩስ ስንት ይሰፋል?» አለች ታንኳዋ።

እመት ሽኮኮ የገመዱን ቋጠሮ መነካካት ጀመረች። ቦዩን አይታው አታውቅማ! አላውቀውም ማለት ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነባት።

ታንኳዋ አሁን ስፋቷ የሚያስደንቅ ሆነ። አረንጓዴዋ ታንኳ ውሃው ላይ ዘርጋ ብላ ተቀምጣ ስትታይ ለሠርግ የተጣለ ዳስ ትመስላለች። ዳክዬዎቹ እየዋኙ መጥተው ዞሯት። «እዚህ ላይ እኮ ምሳ ይበላበታል» አለች አንዷ። «ይተኛበታል እንጂ!» አለች ሌላዋ። ታንኳዋም ሙገሳው ደስ ብሏት ደረቷን ነፋች።

ይህን ጊዜ አያ አርጃኖ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ። አርጃኖን ታውቁታላችሁ፤ አዞ አክሎ ያላደገ፣ በውሃም በየብስም የሚሄድ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ምላሱ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ፣ እንቁላልና ጨቅላ የሚወድ።

«አቤት፣ አቤት! እንዲህም ያለች ቆንጆ ታንኳ አለች?» አለ። «ብቻ ምን ይሆናል፣ ዳርና ዳሯ ላይ አንዳንድ እስር ጎደላት። ያ ቢጨመር ልጆቹ ከውሃው ርቀው መሃል ላይ ይተኙ ነበር። እኔ እናት ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርግ።»

እመት ሽኮኮ አርጃኖን አታምነውም። ቢሆንም የፈራ ሰው የሚፈልገውን ቃል ከማንም አፍ ይቀበላል።

«አያ ዝንጀሮ…» አለች።

«ገባኝ» አለ አያ ዝንጀሮ፤ ጨመረላት።

«እመቤቴ፣ ስለ ቦዩ ጠይቄሽ ነበር» አለች ታንኳዋ ቀስ ብላ።

አያ አርጃኖ ግን አንገቱን ውሃ ውስጥ ቀበረና ሄደ። ወዴት እንደሄደ እመት ሽኮኮ በዓይኗ ተከተለችው። ውሃው ላይ የምትታየው ቀጭን መስመር ወደ ደንገሉ፣ ወደ ቦዩ አቅጣጫ ትሄድ ነበር። ልትቀር አሰበች። ውሃው ግን ቤቷ ውስጥ ገብቷል፤ የምትመለስበት የለም።

አማቷን መሃል ላይ አስቀመጠች፤ ልጆቿን በአማቷ ዙሪያ አስተኛች፤ ረጅሙን ዘንግ ይዛ ታንኳዋን ገፋች።

ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ባሏን የበላው ነፋስ ይኸው ነበር። ማዕበሉ ከግራ መታቸው፤ ታንኳዋ ከፍ አለችና ዝቅ አለች። ከቀኝ መታቸው፤ ከፍ አለችና ዝቅ አለች። ከፊት መታቸው፤ አሁንም ከፍ ብላ ዝቅ አለች። አንድ ልጅ እንኳ አልረጠበም። ትንሿ ልጇ ሚጡዬ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«አየሽ!» አለች እመት ሽኮኮ ታንኳዋን። «አየሽ ስፋትሽ ምን እንደጠቀመን!»

«አየሁ እመቤቴ። እዚህስ ደህና ነኝ» አለች ታንኳዋ።

ከቀትር በኋላ ቦዩ አፍ ላይ ደረሱ። ደንገሉ ከግራና ከቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ነፋሱ ቀረ። ድምፅ ሁሉ ቀረ። የደንገሉ አገዳ የታንኳዋን ጎን ክርር፣ ክርር እያደረገ ሲፍቃት ብቻ ይሰማል።

«ትንሽ ነካ አደረገኝ» አለች ታንኳዋ።

«ቻዪው፣ እባክሽ» አለች እመት ሽኮኮ።

ጥቂት እንደሄዱ ከፊት ለፊታቸው ውሃው ፈላ። አያ ጉማሬ ራሱን አወጣና ፈጠጠባቸው።

«ማን ነው ቤቱን ተሸክሞ ቦዬ ውስጥ የገባው?»

«ይቅርታህን አያ ጉማሬ፣ እኛ ነን፤ ሽኮኮዎች ነን!»

«እኔ በየት ልለፍ? ተመለሱ!»

«እንዴት ብለን እንመለስ? መዞሪያ የለንም!»

እውነቷን ነው፤ ታንኳዋ እንኳን ልትዞር ልትላወስም አትችልም። አያ ጉማሬ ተነፈሰና ጠለቀ። ጀርባው የታንኳዋን ሆድ ከስር ሲገፋው ሁሉም ተነሥተው ወደቁ። ልጆቹ ጮኹ። እመት ሽኮኮ ሚጡዬን አንገቷ ስር ወሽቃ ዓይኗን ጨፈነች። ኋላ በኩል ሲወጣ አያ ጉማሬ ዞሮ፣ «ወደፊት ይጠባል፤ እኔም ራሴ ሆዴን ሰብስቤ ነው የማልፈው!» ብሏት ሄደ።

እንዳለውም ጠበበ። ክርርታው ወደ መንቋቋት ተለወጠ። ታንኳዋ አንዴ ተንፏቀቀች፤ ደግማ ተንፏቀቀች፤ ከዚያ ቆመች። እመት ሽኮኮ ዘንጉን ተክላ ብትገፋ ዘንጉ ጭቃ ውስጥ ገባ እንጂ ታንኳዋ አልተነቃነቀችም። ወደ ኋላ ብትስብ ያለፉት ደንገል ተመልሶ ጎኗን ይዟታል። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች።

«እመት ሽኮኮ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ከደንገሉ ውስጥ መጣ። «ምነው ቆማችሁሳ?»

አያ አርጃኖ ነበር።

«ተያዝን» አለች። 

«አይዞሽ! ታንኳዋን የያዛት ጭነት ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ ለእኔ አቀብዪኝ፤ ጀርባዬ ላይ አድርጌ ገደሉ ስር ላድርሳቸው። ስትቀል ትለቃለች።»

እመት ሽኮኮ ዙሪያዋን አየች። ሊረዳ የሚችል ሌላ ማንም የለም። ሚጡዬን አንሥታ እስከ ታንኳዋ ዳር ሄደች።

«እመቤቴ» አለች ታንኳዋ፣ «ገመዴን ፍቺው። ዳርና ዳር የተጨመረልኝን እስር ጣይው። መሃሌ ቀጭን ነው፤ ያልፋል።»

«አይሆንም!» አለች እመት ሽኮኮ። «ጠባብ ታንኳ አልሳፈርም! ባሌን የበላው ጠባብ ታንኳ ነው!»

«እውነትሽን ነው!» አለ አያ አርጃኖ። «እንዲህ ያለ ውበት ይፈርሳል? ነውር አይደለም እንዴ!»

ያን ጊዜ አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ልጄ፣ ባልሽ የእኔም ልጅ ነበር» አሉ። «እኔም እንዳንቺ ሌት ተቀን አስቤዋለሁ። ልጄ የሞተው ጠባቡን ታንኳ ነፋስ ወዳለበት ሐይቅ ይዞ ስለ ወጣ ነው። እስቲ አሁን ስሚ። እዚህ ነፋስ ይሰማሻል?»

እመት ሽኮኮ ሰማች። ነፋስ የለም። ማዕበል የለም። ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል። የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የአያ አርጃኖ ምላስ። ዓይኑ ደግሞ ውበቷን ሲያወድስላት የቆየውን ታንኳ አያይም። የሚያየው ሚጡዬን ነው።

ሚጡዬን ለአማቷ ወረወረችና በጥርሷ የግራውን ገመድ ያዘች። ቆረጠችው። የግራው እስር ተንሸራቶ ወደ ደንገሉ ሄደ።

«ምን መሆንሽ ነው?» አለ አያ አርጃኖ። ያ ልስላሴው ከድምፁ ጠፋ። በቀኝ በኩል ጥፍሩን ተክሎ መውጣት ጀመረ።

የቀኙን አንዱን ገመድ ቆረጠች። አያ አርጃኖ ደረቱን አወጣ።

ሁለተኛውን ገመድ ቆረጠች። አያ አርጃኖ ሁለንተናው ወጣ፤ አፉን ከፈተ። ልጆቹ አያታቸው ላይ ተከመሩ። የመጨረሻው ገመድ ወፍራም ነበር። እያለቀሰች ታኝከዋለች፤ አያ ዝንጀሮ በእሷው ልመና ደርቦ ያሰረው ገመድ ነው። የአርጃኖ ትንፋሽ ጀርባዋን ሲነካት ገመዱ ጠስ አለ።

የቀኙ እስር ከነአርጃኖው ተገለበጠ። ደንገሉ ተበተነ፤ ልጡ በጥፍሩና በአንገቱ ተጠመጠመበት፤ በተንፈራገጠ ቁጥር የባሰ ተተበተበ።

«ግፊ!» አለች ታንኳዋ። «አሁን ግፊ፣ እመቤቴ!»

እመት ሽኮኮ ዘንጉን ነቅላ ገፋች። የቀረችው ቀጭን ታንኳ በጠባቡ መካከል ሾልካ ወጣች። አማቷና ልጆቿ በሰልፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረዋል። ታንኳዋ ወዲያ ወዲህ ባለች ቁጥር እመት ሽኮኮ ልትጮህ ይቃጣታል፤ ውሃው ከእግሯ የአንድ ጣት ያህል ብቻ ይርቃል።

«ተንፍሺ» ይሏታል አሮጊቷ ከኋላ። «ተንፍሺ፣ ልጄ።»

እየተነፈሰች ገፋች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደንገሉ ተገለጠና ገደሉ ታየ። የባሏ ወገኖች ከየድንጋዩ ላይ እየጮኹ ወረዱ፤ ልጆቹን ተቀባብለው አወጧቸው።

ሁሉም ከወጡ በኋላ እመት ሽኮኮ ዳሩ ላይ ቀረች። ታንኳዋ ጎንና ጎኗ ተበጣጥሶ፣ ልጧ ተንዘልዝሎ ጭቃው ላይ ተኝታለች።

«አመመሽ?» አለቻት።

«አመመኝ» አለች ታንኳዋ። «ሐይቁ ላይ ግን፣ እመቤቴ፣ ሰፊ ሆኜ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለች እመት ሽኮኮ። አጠገቧ ቁጭ አለችና ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እግሯንም አላወጣችም።

ሰፊ ባትሆን ሐይቁን ባልተሻገሩ፤ ጠባብ ባትሆን ከቦዩ ባልወጡ። እናንተም ታንኳችሁን ከማሳሰራችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ፤ ፍርሃት የጨመረውን እስር መንገድ ያስፈታዋልና። እኔ እዚህ ወረድኩ፤ ዘንጉን ለቀጣዩ ተረተኛ ስጡ።