ቀርከሃ ላይ የበቀለው ቆስጣ

አንድ ጊዜ ጎርፍ የአንድን ሸለቆ አፈር ጠራርጎ ወስዶ ባዶ አለት አስቀረ። ኤሊ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ፈልጣ ከአንድ ምንጭ በታች ባላ ላይ እንደ አሸንዳ ዘረጋች፤ ጠጠር ሞላችባቸው፤ ፍግ የተዘፈዘፈበት ውሃ እያንቆረቆረች ያለ አፈር ቆስጣ ተከለች። ጠጠሩን ያመላለሰችላት አህያ ናት። ዝናብ ሊጥል ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። የአህያ ወተት እየደረቀ፣ የውርንጭላዋም የጎን አጥንት ይቆጠር ጀመር።

አያ ጅቦ የዱባ ችግኝ በአፉ ይዞ መጣ።

«እመት አህያ፣ ይህ ቅጠል ምን ይረባሻል? የእኔ ዱባ አንዱ ብቻ ጀርባሽን ያጎብጣል።»

አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ነገርን ሁሉ በጀርባዋ ስትመዝን ስለኖረች፣ የከበደ ሁሉ መልካም ይመስላታል።

«እትዬ ኤሊ፣ ዱባ ብንተክልስ?»

«ቀርከሃው አይችለውም፣ እቱ። ደግሞ እስኪያፈራ ወራት ይፈጃል። ቆስጣ ግን ሥሩ ቀላል ነው፤ በአርባ ቀን ይደርሳል።»

«እንግዲህ ጥድፊያን ከኤሊ ልንማር ነው» ብሎ ጅቦ ሳቀ።

በማግስቱ ኤሊ ፍግ ፍለጋ ስትሄድ፣ አህያ የአንዱን ቀርከሃ ቆስጣ ነቅላ ዱባውን ተከለችበት።

«ቆስጣውን ነፋስ ነቀለው፤ በባዶው ቦታ ዱባ ተከልኩ» አለቻት ስትመለስ። ኤሊ የተነቀለውን ችግኝ አገላብጣ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዱባው ቅጠሉን ሲያሰፋ አህያ ደስ አላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሥሩ የውሃውን መንገድ ዘጋው፤ ጡጫ የሚያህል ፍሬ እንዳንጠለጠለ ቀርከሃው ተሰብሮ ሁሉም አለቱ ላይ ተዘረረ። ጅቦ ጥሬውን ፍሬ ሰልቅጦ፣ «ቀርከሃችሁ ነው ደካማ» ብሎ ሄደ። በዚያው ቀን ውርንጭላው መቆም አቃተው።

አህያ አንገቷን ደፍታ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ነፋስ አልነበረም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«አውቃለሁ። የተነቀለው ቆስጣ ላይ የጥርስሽ ምልክት ነበር፤ ነፋስ ደግሞ ጥርስ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ራስሽ እስክትነግሪኝ ነዋ። አሁን ነይ፣ በሁለተኛው ቀርከሃ ያለው ደርሷል። ብዪ፤ የልጅሽ ወተት ከአንቺ ነው የሚመጣው።»

አህያ ቆስጣውን እያኘከች አለቀሰች። በሳምንቱ ውርንጭላው አለቱ ላይ ይቦርቅ ጀመር። እሷም አዲስ ቀርከሃ ተሸክማ መጣች። ጀርባዋ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሟል፤ ያን ቀን አንዲት የቆስጣ ችግኝ በከንፈሯ ይዛ ስትሄድ እንደተጠነቀቀችው ግን ተጠንቅቃ አታውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘር የሚመረጠው በትልቅነቱ ሳይሆን የሚተከልበት ቦታ ሊሸከመው በመቻሉ እንደሆነና፣ በደላችንን እያወቀ ያበላንን ሰው ውለታ ፈጽሞ መርሳት እንደማይገባን ነው።